ኑጉ ምን አጠፋ?

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። የረበሹት ጓደኞቹ ናቸው፣ እሱ ግን አጠገባቸው ስለተቀመጠ ብቻ አብሮ የተገረፈ ተማሪ ሁሉ ይህን ተረት ያውቀዋል። ስንተርተው አዘኔታችን ሁልጊዜ ለሰሊጡ ነው። ነጩ፣ ጨዋው፣ ያለ ቦታው የተገኘው ሰሊጥ! ኑጉስ? የኑጉ መወቀጥ እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ተቆጥሮ ማንም አይጠይቅለትም። ሙቀጫ ውስጥ የገባው ለምንድን ነው? ማን አስገባው? ከመቼ ጀምሮ?

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስላልተጠየቀለት ፍሬ ነው። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር በመስከረምና በጥቅምት ብትጓዙ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆነው ከሚታዩት ማሳዎች አንዳንዱ የእሱ ነው። ብዙ ሰው አደይ አበባ ይመስለውና ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። እርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። አደይ ግን ዘፈን ተዘፍኖላታል፣ ኑግ ዘይት ሆኖ ቀርቷል።

መጀመሪያ ፍሬውን እንየው። አንድ የኑግ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጎንና ጎኑ ማዕዘን አለው፣ ጫፉ ላይ ቀጠን ይላል። 1000 ፍሬ ቆጥራችሁ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ከ3 እስከ 5 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ኑግ ማለት እንግዲህ ከ200 ሺህ ፍሬ በላይ ነው። ብዙ የዚህ ቤተሰብ ዕፅዋት ዘራቸው በነፋስ እንዲበር የሚያደርግ ጭራ አላቸው፤ ኑግ የለውም። ሲደርቅ ከእናቱ ሥር ዱብ ይላል። ለዚህም ነው ገበሬ ኑግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ የማይጠብቀው። ራሱ ወደ ቡናማነት ሲያደላ፣ ገና ትንሽ እርጥበት ሳለው ያጭደዋል፤ ከምሮ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በዱላ ይወቃዋል። አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው ምርቱን ለመሬት አስረክቧል ማለት ነው።

ውስጡ ሀብታም ነው። ከክብደቱ ከ30 እስከ 50 በመቶው ዘይት ነው፤ የኢትዮጵያው ብዙውን ጊዜ 40 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ፕሮቲኑ እንደ ዝርያውና እንደ ማሳው ከ17 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የተቀረው በአብዛኛው ገለባውና ቃጫው ነው። ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ «ሱፐርፉድ» እየተባለ ከሚወደሰው ከፓይን ፍሬ ጋር ብናስተያየውስ? (ፓይን እዚህ ጥድ የምንለው ዛፍ አይደለም፤ የእኛ ጥድ ሌላ ነው፣ ፍሬውም አይበላም።) የፓይን ፍሬ 100 ግራሙ 68 ግራም ያህል ስብና 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስለዚህ በዘይት ኑግን ይበልጠዋል፣ በፕሮቲን ግን ብዙውን ጊዜ ኑግ ይበልጣል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። የፓይን ፍሬ ከቅርፊቱ ወጥቶ፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይበላል። የሜዲትራኒያኑ ዛፍ ፍሬውን ለማድረስ 3 ዓመት ይፈጅበታል፣ ስለዚህም ውድ ነው። ኑግ በጥቂት ወራት ይደርሳል፤ ነገር ግን አንዱን ፍሬ ከቅርፊቱ ልላጥ የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም።

ሙቀጫው የመጣው ከዚህ ነው። የማይላጥ፣ ትንሽ፣ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ውስጡ በዘይት የተሞላ ፍሬ ምን ይደረጋል? ይቆላል፣ ይወቀጣል። በደንብ ሲወቀጥ ዘይቱ ራሱ ዱቄቱን ያያይዘዋል። ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦ በእጅ ሲጨበጥ ጭብጦ ይሆናል፤ እረኛ ኪሱ ከትቶ የሚሄደው፣ ውሃ ካገኘ ቀኑን ሙሉ የሚያቆየው ስንቅ። ልጥልጥም አለ። ዘይቱ ለብቻው ሲፈለግ ደግሞ የተቆላው ኑግ ደቅቆ ፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይማሰላል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይቀፈፋል። በእጅ የሚሠራ ነው፣ አድካሚ ነው፣ የሚገኘውም ጥቂት ነው። የሞተር መጭመቂያ በየከተማው እስኪገባ ድረስ አንድ ጣሳ የኑግ ዘይት የአንዲት ሴት የረጅም ሰዓት ጉልበት ነበረ።

ጉልበቱ ደግሞ የሚጠየቅበት ምክንያት ነበረው፦ ጾም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሁሉንም አጽዋማት የሚይዙ ካህናትና መነኮሳት ወደ 250 ቀን ይደርሳሉ። በእነዚያ ቀናት ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ ሥጋ የለም። የዓመቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያለ እንስሳ ስብ የሚኖር ሕዝብ፣ በደጋ መሬት ላይ ወይራን ለዘይት ሳያለማ፣ ስቡን ከየት ያመጣል? በጎጃምና በጎንደር መልሱ በአመዛኙ ኑግ ነው። በሌሎች አካባቢዎች ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን ዘር እየተጨመሩበት። ስለ ጾም ምግብ ስናወራ ሽሮውንና ምስሩን እናደንቃለን፤ ሽንኩርቱ የተቁላላበትን ዘይት ግን አናነሳም። ለእኔ የኢትዮጵያ የጾም ታሪክ ከምስር ይልቅ የዘይት ታሪክ ነው። ጥራጥሬ ጾም ያለበትም የሌለበትም አገር ሁሉ ይበላል።

በጣና ላይ ይህ በጉልህ ይታያል። የዘጌ ልሳነ ምድር ከጥንት ጀምሮ በሬ አይጠመድበትም፤ የገዳማቱ ትውፊት እርሻን ከልክሎ ቡናና ጌሾን ፈቅዷል። ደኑም የተረፈው በዚህ ነው። ግን የማያርስ ሰው እህልና ቅባት ከሚያርስ ሰው ማግኘት አለበት። ስለዚህ ቡናው በታንኳ ወደ ገበያ ይወጣል፣ እህሉና የዘይት ፍሬው ይገባል። ዛሬ ቱሪስት በጀልባ ሄዶ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ሲያይ የሚነገረው የቡናው ታሪክ ነው። በጾም ወጥ ውስጥ ስላለው ዘይት የሚጠይቅ አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

ኑግ ከየት መጣ ከተባለ፣ ከየትም አልመጣም፤ እዚሁ ነው። ከስንዴና ከገብስ የሚለየው ይህ ነው፤ እነሱ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ እንግዶች ናቸው። የኑግ የዱር ወላጅ ግን አሁንም እዚሁ፣ ማሳው ዳር ቆሟል። ስሙ ሜጭ ነው። ገበሬ እንደ አረም ያየዋል፤ አበባው ያው ቢጫ ነው፣ ፍሬው ግን ያነሰ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሁለቱን በዘረ መል አነጻጽረው ኑግ ከሜጭ የተገራ መሆኑን አረጋግጠዋል። ያም ማለት የዚህ ደጋ ሰዎች በሆነ ዘመን ላይ ሜጩን አይተው፣ ፍሬው ተለቅ ያለውን እየመረጡ፣ እየዘሩ፣ በትውልዶች ብዛት ሌላ ነገር አድርገውታል።

መግራቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ነገሩን አስደሳች የሚያደርገውም ይህ ነው። ዘመዱን ሱፍ አበባን ተመልከቱ፦ አንድ ግንድ፣ አንድ ትልቅ ራስ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የሚደርስ፣ ለማሽን የተመቸ። ኑግ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፣ አንዱ ራስ ሲደርስ ሌላው ገና ያብባል፣ የደረሰው ይረግፋል። ከዚህም በላይ ራሱን በራሱ አያዳቅልም። የአንዱ ተክል የአበባ ዱቄት ሌላ ተክል ላይ መድረስ አለበት፤ አድራሹ ደግሞ ንብ ነው። ንብ የሌለበት አገር የኑግ ማሳ ያብባል እንጂ በቅጡ አያፈራም። የክረምቱ ማብቂያ ማር ብዙው ከኑግ፣ ከሜጭና ከአደይ አበባ የሚቀሰመውም ለዚህ ነው። ዘይቱና ማሩ፣ የጾሙ ወጥና የፍስኩ ጠጅ፣ ከአንድ ማሳ ይወጣሉ።

ከጥንት እንደነበረ ደግሞ አፈር መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዴቪድ ፊሊፕሰን በመራው የአክሱም ቁፋሮ ከተገኙት የከሰሉ ዘሮች መካከል ከስንዴው፣ ከገብሱና ከተልባው ጋር ኑግም አለ። ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች ኑግ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭም እ.ኤ.አ. በ1927 በራስ ተፈሪ ፈቃድ በቅፍለት ደጋውን አቋርጦ ዘር ሲሰበስብ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ ያደረጋት ጤፍንና ኑግን በመሰሉ የራሷ ሰብሎች ምክንያት ነበር።

እንግዲህ ወደ ስሙ ጉዳይ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ትንሽ ያስቃል።

ኑግ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሕንድ ተሻግሯል፤ ዳጉሳም እንዲሁ። ሕንዶች ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፣ እስከ ዛሬም ያመርቱታል። የሰጡት ስም ግን የሰሊጥ ቅጽል ነው። በሂንዲ «ራምቲል» ይሉታል፣ ቲል ማለት ሰሊጥ ነው። በካናዳ ቋንቋ (ሰሜን አሜሪካ ያለችው ካናዳ አይደለችም፤ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ ነው) «ሁቼሉ» ይባላል፤ ትርጉሙ «እብድ ሰሊጥ» ነው። እዚህ በተረት ከሰሊጥ ጋር ይወቀጣል፣ እዚያ ደግሞ አብዶ የወጣ ሰሊጥ ይባላል።

አውሮፓውያን የደረሱበት ዘግይተው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ተቀምጦ፣ የጣናን ዙሪያ ተዘዋውሮ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከዚያ 12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1782፣ የታዋቂው ሊኔየስ ልጅ ተክሉን በላቲን «ፖሊምኒያ አቢሲኒካ» ብሎ መዘገበው። ቢያንስ የአገሩን ስም አልነፈገውም። እ.ኤ.አ. በ1829 ደግሞ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦንሪ ካሲኒ ይህ ተክል ፖሊምኒያ አይደለም፣ የራሱ ወገን ይገባዋል አለ። ትክክል ነበር። ለአዲሱ ወገን የሰጠው ስም «ጊዞቲያ» ሆነ፤ ለአገሩ ሰው ለፍራንሷ ጊዞ ክብር።

ጊዞ ማነው? የታሪክ ጸሐፊ ነው። ካሲኒ ስሙን ከመስጠቱ አንድ ዓመት በፊት በፓሪስ ስለ አውሮፓ ሥልጣኔ ታሪክ የሰጣቸው ትምህርቶች ዝነኛ አድርገውት ነበር። ኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1848 አብዮት ተባረረ። ስለዚህ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ የሆነው ፍሬ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ ላይ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ሆኖ የአውሮፓን ሥልጣኔ የተረከ ሰው ስም ተሸክሟል። የሜጭም ዕጣ ከዚህ አይለይም፤ በሳይንስ ስሙ ላይ «ሺምፔሪ» የሚል ጀርመናዊ አለ። ሺምፐር ግን ቢያንስ ይገባዋል፤ ዓድዋ አካባቢ ለዐሥርት ዓመታት ኖሮ፣ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ፣ እዚሁ አገር ሞቷል።

የእንግሊዝኛ ስሙ «ናይጀር» ነው፤ ከናይጀር አገር ጋር ምንም አያገናኘውም። አሜሪካኖች ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጡት፦ የወፍ ምግብ። ጓሯቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ይሰቅላሉ፤ ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ናቸው፣ ኑግ ትንሽ ነዋ። ቢጫዋ ትንሽ ወፍ፣ ጎልድፊንች የሚሏት፣ በጣም ትወደዋለች። ለረጅም ጊዜ «የእሾህ ዘር» በሚል ስም ይሸጥ ነበር፤ የኮሸሽላ ዘመድ ሳይሆን ማለት ነው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1998 የወፍ ምግብ ነጋዴዎች ማኅበር ፊደሉን ቀይሮ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። የኑግ ስም በአሜሪካ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ እኛ አይደለንም።

ወደዚያ የሚገባው ኑግ ሁሉ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከፍተኛ ሙቀት እንዲታከም ግዴታ ተጥሎበታል። ምክንያቱ ኑግ ላይ የሚጠመጠም፣ ቢጫ ክር የመሰለ ጥገኛ አረም ነው፤ ዘሩ ከኑግ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይገባ ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ምክንያታዊ ነው። ሙቀቱ ግን የአረሙን ብቻ ሳይሆን የኑጉንም የመብቀል ኃይል ይቀንሳል።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንመለስ፤ ታሪኩ ጠንከር የሚለው እዚያ ነው። ፎገራ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ያቋርጡታል፤ ክረምት ሲመጣ ይሞላሉ፣ ሜዳው በውሃ ይዋጣል። ጥቁር፣ ከባድ፣ ውሃ የሚይዝ መሬት ነው። ብዙ ሰብል ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ኑግ ግን ችሎታ አለው፦ መሬቱ ውሃ ሲቋጥር ሥሩ ውስጥ የአየር ክፍተቶችን ይፈጥራል፣ በእነሱ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሌላው እምቢ ያለበት፣ ማዳበሪያ ያልገባበት፣ የተጎዳ ወይም የተጥለቀለቀ መሬት ለኑግ ይሰጥ ነበር። ክረምት ገብቶ የሚዘራው «አባት ኑግ» አለ፤ ውሃው ሲሸሽ፣ በመስከረም፣ በቀረው እርጥበት የሚዘራው «መስኖ ኑግ» አለ። ገበሬዎች ኑግ የነበረበት ማሳ በቀጣዩ ዓመት ለእህል ጥሩ እንደሚሆንና አረሙም እንደሚቀንስ ያውቃሉ። የምርምር ማዕከላት ካወጧቸው የኑግ ዝርያዎች አንዱ «ፎገራ-1» የሚል ስም ማግኘቱ በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ሩዝ መጣ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ዛሬ «ኤክስ-ጅግና» ተብሎ የሚጠራው ዝርያ የዚያ ዘመን ውርስ ነው። በመጀመሪያ ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ የሚበላበትንም አላወቀም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግን ገበሬው ራሱ ተቀባበለው። ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ አደረገው፣ ሸጠው፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነበት። ወረታ የሩዝ መፈተጊያ ከተማ ሆነች። ሜዳው ላይ የነበሩት ጤፍ፣ ኑግና ጓያ፣ የታወቁት የፎገራ ከብቶች ግጦሽ ሳይቀር፣ ለሩዝ ቦታ ለቀቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የፎገራ ገበሬ ብሆን እኔም ሩዝ እዘራ ነበር። ኑግ በቀደሙት ጥናቶች ከሄክታር 5 ኩንታል ከሰጠ ጥሩ ነው፤ ሩዝ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ኑግ እንደ ድሮው ሆኖ የቀረው ሰነፍ ሰብል ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን በራሱ ስለማያዳቅል ማሻሻሉ ከባድ ነው፣ ከዚያም በላይ ገንዘብ የሚያፈስበት ትልቅ አገር አላገኘም። ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ አሉላቸው። ኑግ ሆለታና ጥቂት ባለሙያዎች፣ ሕንድ ውስጥም የተወሰኑ ጣቢያዎች አሉት፤ በቃ። የሰብሉ ጉድለት ነው የምንለው አብዛኛው የትኩረት ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሳው ላይ የተሸነፈው ኑግ ሱቅ ውስጥም ተሸነፈ። እዚያ ያሸነፈው ፓልም ነው፤ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣው፣ በሸማቾች ማኅበር በኩል በድጎማ የተከፋፈለው፣ እናቶቻችን «የሚረጋው ዘይት» የሚሉት። እዚህ ላይ የፍሬው ኬሚስትሪ ታሪክ ይሆናል። የፓልም ዘይት ግማሹ ያህል ጠጣር ስብ ነው፤ ለዚያ ነው በብርድ የሚረጋው። ግን ጥንካሬው ይጠቅመዋል፦ ቶሎ አይበላሽም፣ መርከብ ላይ ወራት ይቆያል፣ ደጋግሞ ቢጠበስበት ይችላል። የኑግ ዘይት ተቃራኒው ነው። የደጋው ኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ ቅባት። የሕንዱ ኑግ ከዚህ ያነሰ አለው፤ የደጋው ብርድ ነው ይህን መጠን ከፍ የሚያደርገው። ጠጣር ስቡ ከ20 በመቶ በታች ነው። ለልብ ጥሩ የሚባለው ዓይነት ዘይት ነው እንግዲህ። ያው ባሕርይ ግን ከአየርና ከብርሃን ጋር አያስማማውም። ፀሐይ ላይ በተቀመጠ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ቶሎ ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል። ከርቀት ለሚመጣ ንግድ አይመችም፤ ተጨምቆ፣ ቶሎ፣ እዚያው አካባቢ እንዲበላ የተፈጠረ ዘይት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ፊቤላ የተባለው ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነገረ። ቡሬ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ የኑግ አገር መካከል ናት። ብዙዎቻችን በዚያን ጊዜ የውጭ ዘይት ሊያበቃ ነው ብለን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ በቶን የሚቆጠር፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ነው፤ በትንንሽ ማሳ ተበታትኖ፣ በሄክታር 5 ኩንታል የሚመረት ኑግ ያንን ሆድ አይሞላም። ስለዚህ ድፍድፍ ፓልም ከውጭ እየገባ እንዲጣራ ሆነ፤ ለዚያም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ ምንዛሪ ሲጠፋ ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የዘይት ዋጋ ሲሰቀል ያስታወሰን ይህንን ነው። የዩክሬን ጦርነትና የኢንዶኔዥያ የወጪ ንግድ እገዳ የባሕር ዳርን ወጥ አስወደዱት።

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ደስ አይልም፣ ግን የፍሬው ታሪክ አካል ነው። ኑግ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለወተት ላም ምርጥ መኖ ነው፤ ፕሮቲኑ እዚያ ውስጥ ቀርቷልና። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች ለዓመታት የኖሩት በእሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ከዚያው አካባቢ 110 የወተት ናሙና መርምሮ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አገኘ። ከናሙናዎቹ ከ10 ዘጠኙ ያህል ከአውሮፓ ገደብ በላይ፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ላላ ካለው የአሜሪካ ገደብ እንኳ በላይ ነበሩ። ምንጩ ሲፈለግ ዋነኛው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ወሬው ሲወጣ ከተማው ወተት ፈራ።

ኑጉ ምን አጠፋ ያልኩት ለዚህም ነው። መርዙን የሚሠራው ኑግ አይደለም፤ እርጥበት ያለበት መጋዘን ውስጥ ለወራት የተከመረ፣ በቅጡ ያልደረቀ እህልም ሆነ ፋጉሎ ላይ የሚያድር ሻጋታ ነው። ኦቾሎኒና በቆሎም ይህ ያገኛቸዋል። በደንብ የደረቀ ኑግ ሳይበላሽ ዓመት ይቀመጣል። ችግሩ የተፈጠረው ኑጉ ከመንደር ወጥቶ፣ በነጋዴ እጅ ብዙ ዞሮ፣ በየመጋዘኑ ተንከባሎ ከተማ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያደርቀው ሌላው ነው ብሎ ሲያስብ ነው። ከፋጉሎ ጋር የተገኘ ወተት አብሮ ተወቀጠ ማለት ይቻላል።

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬም የኑግ ዘይት የሚፈልግ ሰው አለ፤ በተለይ በዐቢይ ጾም። የታሸገውን አያምንም፤ በፓልም የተቀላቀለ ነው ይላል፣ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ስለዚህ ገበያ ሄዶ ኑጉን ራሱ ይመርጣል። እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ያወጣና ፍሬውን ያያል፦ ጥቁርና አብረቅራቂ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማና ጠውላጋ ከሆነ ያለ ጊዜው የታጨደ ነው። አንዱን በጥርሱ ይሰብራል። ከዚያ ተሸክሞ መጭመቂያ ቤት ይወስደዋል፣ ወረፋ ይይዛል፣ የራሱ ኑግ ከሌላው እንዳይቀላቀል ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ዘይቱ ጠቆር ያለ ቢጫ ሆኖ፣ የቆሎ ሽታ ይዞ ይወርዳል። ዘይቱን በጀሪካን፣ ፋጉሎውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ባጃጅ ይጠራል።